የፓርካችን መታሰቢያ በር ሊነሳ ነው፤ የወደቁ ወታደሮች ስም ያለበት ነው። ምን እናድርግ?

የበሩ ጎረቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ያሳሰበኝ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

የሰፈራችን ፓርክ መግቢያ ላይ የቆየ መታሰቢያ በር አለ። ግራና ቀኝ ከጥርብ ድንጋይ የተሠሩ ሁለት ወፍራም ዓምዶች፣ መሃል ላይ ባለ ሁለት ክንፍ የብረት በር። ዓምዶቹ ላይ ከአካባቢው ወጥተው ጦር ሜዳ የቀሩ ወታደሮች ስም ተቀርጿል። ፓርኩን የሚያስተዳድረው ክፍል በሩን ሊያነሳው አስቧል። ምክንያቱ የመኪና መግቢያውን ማስፋት ነው። በቦታው ሰፊ አዲስ በር ይተከላል። ስሞቹ ደግሞ ፓርኩ ውስጥ ገባ ብሎ አንድ የሚያብረቀርቅ ግራናይት ላይ ይጻፋሉ ተብሏል። ተቃውሞም ሆነ ሐሳብ ያለው በጽሑፍ እንዲያቀርብ ጊዜ ተሰጥቶናል።

በሩ መጎዳቱን አልክድም። የቀኙ ክንፍ ከላይኛው ማጠፊያው ወልቋል፤ ሲከፈት መሬቱን ይፍቃል። አንደኛው ዓምድ ብረቱ የገባበት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ታች ያሉት ስሞች ደግሞ በዝናቡም በኳሱም ምት ፈዘዋል። ከአንደኛው ስም የቀሩት ሁለት ፊደሎች ብቻ ናቸው።

ግን እስቲ አስቡት። ዛሬ ወደ ፓርኩ የሚገባ ሰው ሁሉ በእነዚያ ስሞች መሃል ነው የሚያልፈው። ጠዋት ስፖርት የሚሠራውም፣ ልጁን በጋሪ የሚገፋውም፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ በአቋራጭ የሚሮጠው ተማሪም። ወደ ውስጥ ከተወሰዱ ግን አስቦ የሄደ ሰው ብቻ ነው የሚያያቸው። እኔ ይሄ ያንገበግበኛል።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። በሩ ቦታው ላይ ሆኖ ሊጠገን ይችላል ወይ? ደግሞስ ለክፍሉ ምን ብለን ብንጽፍ ይሰማናል? ሙያው ያላችሁ እባካችሁ አትለፉኝ።

ድንጋይ ጠራቢ

ወንድሜ፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። ሙያዬ ስለሆነ በቀጥታ ልንገርህ።

"ፈትተን ሌላ ቦታ እንተክለዋለን" የሚሉትን በቀላሉ አትመን። የቆየ ጥርብ ድንጋይ ሲፈታ እንደገባው አይወጣም። በድንጋዮቹ መሃል አያያዥ ብረት አለ። ብረቱ ዝጎ አብጧል። ሲነቀል የድንጋዩን ጠርዝ ይዞት ይመጣል። ስም የተቀረጸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠርዙ አጠገብ ነው። መፍታት የማይቀር ከሆነ እያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከአራት ወገን ፎቶ ተነስቶ፣ በእጅ ነው የሚወርደው። በኤክስካቫተር የሚነካካ ከሆነ ግን አለቀ በለው።

ስንጥቁ ብረቱ የገባበት ቦታ ላይ ነው ያልከው፣ ያ የታወቀ በሽታ ነው። ብረት ሲዝግ ከነበረበት መጠን ብዙ እጥፍ ያብጣል። ድንጋዩ ደግሞ መሄጃ የለውምና ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በሲሚንቶ ሞልቶ መሄድ መፍትሔ አይደለም። ብረቱ ውስጡ እየዛገ ይቀጥላል፤ ከዓመት በኋላ እዚያው ይከፈታል። ብረቱን አውጥቶ በማይዝግ ብረት መተካት ነው የሚያዋጣው። ድንጋዩ እንዳለ ይቀራል፣ ቀዳዳው ብቻ ነው የሚነካው።

ስለዚህ መልሴ አዎ ነው፤ ቦታው ላይ ሆኖ ይጠገናል። የመኪናው ጉዳይ ደግሞ አጥሩን ጎን ላይ ከፍቶ ሌላ መግቢያ በማበጀት ያልቃል። አጥር ከዓምድ ይቀላል።

መንገደኛ

እኔ በተቃራኒው ነኝ፤ እንዳትቀየሙኝ።

የሞቱትን ማክበር ግዴታ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ፓርክ የሕያዋን ቦታ ነው። ሰው ራሱን ስቶ ሲወድቅ አምቡላንስ መግባት አለበት። እሳት ሲነሳ የእሳት አደጋ መኪና መግባት አለበት። ሁለቱ ዓምዶች መሃል የሚያልፈው አንድ ትንሽ መኪና ብቻ ከሆነ ነገ የሚሞተው ሰው የማን ዕዳ ነው? እነዚያ ወታደሮች የወደቁት እኮ ሰው እንዲኖር ነው። እነሱን ብትጠይቃቸው "ለእኛ ስም ብላችሁ ሰው ይሙት" የሚሉ አይመስለኝም።

ግራናይቱም ቢሆን ንቀት አይደለም። ሁለት ፊደል ብቻ ከቀረው ስም ሙሉውን የሚነበብ ስም ይሻላል።

የታሪክ መምህር

መንገደኛ ያነሱት ነጥብ ከባድ ነው፤ ችላ የሚባል አይደለም። ግን መጀመሪያ እነዚህ በሮች ለምን እንደተሠሩ እንይ፤ ከዚያ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በብሪታንያ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በካናዳ ብዙ ፓርኮች እንዲህ ያለ በር ተሠራላቸው። ዋናው ምክንያት አስከሬን አለመመለሱ ነው። ብሪታንያ ጦርነቱ ላይ የሞቱት በወደቁበት አገር እንዲቀበሩ ወሰነች። ሀብታም የልጁን አስከሬን አስመጥቶ ድሃ እንዳይቀርበት በማለት ለሁሉም እኩል ተከለከለ። አሜሪካ በተቃራኒው ለቤተሰብ ምርጫ ሰጠች፤ ብዙዎቹም አስመጡ። ከባሕር ማዶ ልጇን ያጣች እናት ግን የምትሄድበት መቃብር አልነበራትም። መርከብ ተሳፍራ ፈረንሳይ የምትደርስ ስንቷ ናት? አበባ የምታስቀምጠው የሰፈሯ መታሰቢያ ሥር ነበር። ስለዚህ ዓምዱ ላይ ያለው ስም ለብዙ ቤተሰብ የመቃብር ቦታ ሆኖ ነው የኖረው። "ወደ ውስጥ ገባ እናድርገው" ሲባል ሰው የሚከፋው ለዚህ ነው።

ያኔም ቢሆን ክርክር ነበረ። አንዳንዱ ሐውልት ይሁን አለ። ሌላው ሆስፒታል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ አዳራሽ እንሥራበት፣ ለሕያዋን ይጥቀም አለ። ልክ እንደ መንገደኛ። የፓርክ በር ሁለቱንም ያስታረቀ መፍትሔ ነበር። መታሰቢያ ነው፣ ግን ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ሰው ይገባበታል።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ። በዓለም ላይ ከሚታወቁት ሁሉ ትልቁን ምሳሌ ልስጥ። ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ከተማ የሚገኘው የሜኒን በር እ.ኤ.አ. በ1927 ተመረቀ። በአካባቢው ወድቀው መቃብራቸው ያልታወቀ ከ54,000 በላይ ወታደሮች ስም ተቀርጾበታል። በሥሩ የከተማው መንገድ ያልፋል፤ መኪናም ሲሄድበት ኖሯል። በየምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ግን መንገዱ ይዘጋና የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች የስንብት መለከት ይነፋሉ። ይህ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማዋ በጀርመን እጅ በነበረችበት ጊዜ ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1944 የፖላንድ ወታደሮች ከተማዋን ነጻ ባወጡበት ምሽት ግን ውጊያው ገና ሳያልቅ መለከቱ እንደገና ተነፋ።

ሕዝቡ በሩን እየተጠቀመበት ነው ያቆየው፤ እኔ ከዚህ የምወስደው ይህንን ነው።

የዘማች ልጅ

የታሪክ መምህር፣ ስለ እናት የጻፉትን ሳነብ እንባዬ መጣ።

አባቴ ከጦር ሜዳ ቆስሎ ነው የተመለሰው። ቁስሉ ሳይድን ከርሞ ነው የሞተው። የአካባቢያችን መታሰቢያ ላይ ስሙ የለም፤ "ጦር ሜዳ ላይ አልወደቀም" ተባልን። አብረውት የዘመቱ ጓደኞቹ ስም አለ። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ በዚያ በኩል ስታልፍ ቀና ብላ አታየውም ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ በኋላ ነው የገባኝ።

እህትና ወንድሞቼ፣ በሩ ይቆይ ስትሉ እኔም አብሬያችሁ ነኝ። ግን ስትጠግኑት "የቀረ ስም አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁልኝ። እድሳት ማለት እንደ ድሮው መመለስ ብቻ ከሆነ፣ ድሮ የተረሳው ለሁለተኛ ጊዜ ይረሳል።

የታሪክ መምህር

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ጥያቄሽ ትክክል ነው፤ ብቻሽንም አይደለሽም።

መታሰቢያ ላይ የተጻፈ ዝርዝር የማይነካ አይደለም። በሜኒን በር ላይ እስከ ዛሬ ስም ይጨመራል፣ ይቀነሳልም። እንዴት ይቀነሳል? አንድ ገበሬ መሬት ሲቆፍር ወይም መንገድ ሲሠራ አጽም ይገኛል። ማንነቱ ከታወቀ ስሙ ተጽፎበት መቃብር ያገኛል። በሩ ደግሞ የመቃብር አልባዎች ነውና ሰሌዳው ሲታደስ ስሙ ይወጣል።

ዋሽንግተን ያለው የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያም ተመሳሳይ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1982 ነው የተሠራው። ንድፉን ያወጣችው ማያ ሊን የ21 ዓመት ተማሪ ነበረች። ከ58,000 በላይ ስም አለበት። ከስሙ አጠገብ ትንሽ ምልክት አለች፤ መሞቱ የተረጋገጠ አልማዝ ቅርጽ፣ የጠፋ ደግሞ መስቀል። የጠፋው ሰው አጽም ከተገኘ መስቀሉ ላይ አልማዙ ይቀረጽበታል። በቁስሉ ምክንያት ዘግይቶ የሞተ ሰውም ተጣርቶ ስሙ ሲጨመር ኖሯል። ያንቺ አባት ጉዳይ እንግዲህ ይኸው ነው።

ከዚህ የሚከብድም አለ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከግንባር ሸሸህ፣ ፈራህ ተብለው በገዛ ጦራቸው የተረሸኑ ወታደሮች ነበሩ። አንዳንዶቹ ገና ልጆች ነበሩ። ከብዙ መታሰቢያዎች ስማቸው ተተወ። የብሪታንያ መንግሥት ለ306ቱ ይቅርታ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ ወዲህ በአንዳንድ ቦታ ስማቸው ከጓደኞቻቸው ጎን ተጽፏል።

ሻምበል በጡረታ

ለውይይቱ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ስሞቹ እንደገና ከተጻፉ በማዕረግ ተራ መሆን አለበት። መኮንን ከተራ ወታደር ጋር ተደበላልቆ መጻፉ ሥርዓት አይመስለኝም። ሠራዊት በማዕረግ ነው የሚቆመው።

የዘማች ልጅ

ሻምበል፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ አልስማማም። በሕይወት እያሉ ማዕረግ ይኑር። ሞት ግን መኮንን ነህ ወታደር ነህ ብሎ አልጠየቀም። የእኔ አባት ተራ ወታደር ነበር። ከታች ጥግ ላይ ተጽፎ ኳስ እንዲመታው አልፈልግም።

የታሪክ መምህር

ሻምበል፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ብዙ ቦታ ያከራከረ ነው። የቬትናሙ መታሰቢያ ማዕረግ አልጻፈም፤ ስሞቹ በወደቁበት ቀን ቅደም ተከተል ነው የቆሙት። አንድ ቀን አብረው የወደቁ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። በሕይወት የተረፈ ጓደኛቸው ሲመጣ ያንን ቀን ፈልጎ ሁሉንም አንድ ላይ ያገኛቸዋል። እኔ ከዚህ የተሻለ ቅደም ተከተል አላየሁም።

የብሪታንያና የቅኝ ግዛቶቿን የጦር መቃብሮች የሚያስተዳድረው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1917 ሲቋቋም ሁሉም በስሙ ይታሰብ፣ በማዕረግ፣ በዘርና በሃይማኖት ልዩነት አይኑር የሚል መርህ ይዞ ነው የተነሳው። ግን መርህና ተግባር ተለያዩ። ኮሚሽኑ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የሞቱ ቢያንስ 116,000 ሰዎች፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ፣ በስማቸው ሳይታሰቡ ወይም ጭራሽ ሳይታሰቡ መቅረታቸውን አምኗል። አብዛኞቹ ከምሥራቅ አፍሪካና ከግብፅ ናቸው። ስንቅና ጥይት ተሸክመው የሞቱ ወገኖቻችን ስማቸው አልተመዘገበም። ይሄን ሳነብ ከመናደድ አልፌ ነው ያዘንኩት። ስለዚህ ዛሬ አንድ ፓርክ በር ላይ "ማን ከላይ፣ ማን ከታች" ስንል ወዴት እንደሚያመራ እናውቀዋለን።

ሻምበል በጡረታ

ማዕረጉ ከስሙ ጎን ይጻፍ፣ ተራው በፊደል ይሁን ቢባል እቀበላለሁ። ማዕረጉ እንዲጠፋ ግን አልፈልግም። ለፍቶ ያገኘው ነው፤ ለቤተሰቡም ኩራቱ ነው።

ብዙ አገር ያየ

እኔ ስለ ሁለት ቦታ ላካፍላችሁ፤ ለደብዳቤያችሁ ይጠቅም ይሆናል።

አንደኛው ለንደን ነው። ከቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት አቅራቢያ፣ ግሪን ፓርክ ዳር፣ ኮንስቲትዩሽን ሂል የሚባለው መንገድ መግቢያ ላይ የመታሰቢያ በሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ነው ንግሥት ኤልሳቤጥ የመረቀቻቸው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ከሕንድ ክፍለ አህጉር፣ ከአፍሪካና ከካሪቢያን ለተሰለፉት አምስት ሚሊዮን ያህል በጎ ፈቃደኞች ነው። ስማቸው በር ተብሎ መዝጊያ የላቸውም፤ አራት የድንጋይ ዓምዶች ናቸው፣ አናታቸው ላይ የነሐስ መቅረዝ አለ። ከጦርነቱ 57 ዓመት በኋላ መሆኑ ያስቆጫል። ግን ሠርተውታል፤ መንገደኛ ሁሉ ሳያየው አያልፍም።

ሁለተኛው የራሳችን ነው። ደቡብ ኮሪያ ቹንቾን ከተማ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር፣ በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ መታሰቢያ ቆሟል። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተዋል። ከጎኑ ያለው የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ተከፈተ፤ ጣሪያው የኛን ጎጆ እንዲመስል ተደርጎ ነው የተሠራው። በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ሰው ዘምቶ ከ120 በላይ ወድቋል። ወንዙ ዳር ሰው ይራመዳል፣ ብስክሌት ይነዳል። ሽርሽር ላይ ሆኖ ድንገት የኢትዮጵያን ስም የሚያገኘው ኮሪያዊ ብዙ ነው። የበሩ ጎረቤት ያልከውን እዚያ ነው የተረዳሁት። መታሰቢያ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ሲሆን ነው።

መንገደኛ

ሁሉንም አነበብኩ። ጎን ላይ ሌላ መግቢያ ከተከፈተ የአምቡላንሱ ጥያቄዬ ይመለሳል። በዚህ ከተስማማን እኔም ደብዳቤው ላይ እፈርማለሁ።

ግን ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለኝ። አንድ፣ አዲሱ መግቢያ ተከፈተ ተብሎ አሮጌው በር በሰንሰለት እንዳይቆለፍ። ብዙ ቦታ እንዲህ ነው የሚሆነው። "ቅርስ ነው" ይባልና ይታጠራል፣ ከዚያ ሣር ይበቅልበታል። ሁለት፣ በሩ ሥር ደረጃ ካለ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው እንዲያልፍበት ይስተካከል። ጦርነት እግሩን ያሳጣው ዘማች የጓደኞቹን ስም ለማየት በጎን በር ዞሮ ሊገባ አይገባም።

የበሩ ጎረቤት

መንገደኛ፣ ሁለተኛውን ነጥብ ጨርሶ አላሰብነውም ነበር። በሩ ሥር አንድ ደረጃ አለ። ደብዳቤው ላይ ይገባል።

ብየዳ ቤት

ስለ ብረቱ ማንም አልተናገረም፤ እኔ ልናገር።

መጀመሪያ ብረቱ ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ነው ወይስ በመዶሻ የተቀጠቀጠ? የፈሰሰው ጌጣጌጡ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ሲሰበርም እንደ ሸክላ ነው የሚሰበረው። የተቀጠቀጠው ግን ይታጠፋል እንጂ ቶሎ አይሰበርም፤ ጠጋ ብለህ ካየኸው የመዶሻው ምልክት አለበት። የፈሰሰውን ማንም መንገድ ዳር ያለ ብየዳ እንዲነካው አትፍቀዱ። በትክክል ካልሞቀና ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል።

በሩ መሬት የሚፍቀው ማጠፊያው ስለወለቀ ብቻ ላይሆን ይችላል። የእንዲህ ያለ ከባድ በር ክብደት የሚያርፈው ታች ነው። ድንጋይ ውስጥ የተቦረቦረች ትንሽ ጉድጓድ አለች፣ የበሩ እግር እሷ ውስጥ ነው የሚሽከረከረው። ያቺ ጉድጓድ ውስጥ አፈርና ቅጠል ይሞላል፣ ውሃ ይጠራቀማል፣ እግሩ ይበላል። በሩ ሲያጥር ደግሞ ላይኛው ማጠፊያ ይጎተትና ይወልቃል። እስቲ ቅጠሉን ጠርጋችሁ እዩልኝ። እግሩ ተበልቶ ከሆነ አዲስ እግር ይቀጠልለታል። ውሃው የሚወጣበት ቀጭን ቦይም ይከፈት። ላይኛውን ብቻ ጠግናችሁ ከሄዳችሁ ግን በሩ ተመልሶ ይወድቃል።

ቀለሙን በተመለከተ በግራይንደር ሙልጭ አድርጎ መግፈፍ ይቅር። ጌጡን ይበላዋል። አንድ የተደበቀ ጥግ ላይ በምላጭ ቀስ ብላችሁ ንብርብሩን ላጡና መጀመሪያ የተቀባውን ቀለም እዩት። ብዙ ሰው ጥቁር ነበር ብሎ ያስባል፤ አረንጓዴ ወይም ሌላ ቀለም ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ከዚያ ዝገቱ ይጸዳል፣ አንቲረስት ይቀባል፣ ከዚያ ቀለም። እርጥብ ቀን ላይ አትቀቡ።

ድንጋይ ጠራቢ

ብየዳ ቤት በደንብ አስረድቶታል። እኔ ደግሞ ስለ ጽሑፉ ልጨምር፤ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በጽዳት ነው።

በቅንነት ሊያጸዱ የመጡ ወጣቶች በአንድ ቀን የሚያጠፉትን ዝናብ በሃምሳ ዓመት አያጠፋውም። የሽቦ ብሩሽ አይነካው። ውሃ በኃይል የሚረጭ ማሽን አይነካው። አሲድ፣ በረኪና፣ የአሸዋ ርጭት የሚባል ነገር አይቅረበው። ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ፣ ከታች ወደ ላይ፣ በትዕግሥት። ሽበቱ ካልለቀቀ ይተው። ያረጀ ድንጋይ ማርጀቱ አያሳፍርም፣ ዋናው መነበቡ ነው።

በድንጋዮቹ መሃል ያለውን ስንጥቅ በሲሚንቶ የሚደፍን ሰው እንዳታስገቡ። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይጠነክራል፣ ውሃ አያስወጣም። ውሃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣና ፊቱን ያረግፈዋል። የሚረግፈው ፊት ደግሞ ስሙ ያለበት ነው። ኖራ ይጠቀሙ። ኖራ ለስለስ ያለ ነው፣ ይተነፍሳል፣ ሲያረጅም የሚጎዳው ራሱ ነው እንጂ ድንጋዩ አይደለም።

የፈዘዙትን ፊደሎች እንደገና እንቅረጽ የሚል ሰው ይመጣል። መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ነገር ነው። እያንዳንዱ ቅርጽ ድንጋዩን ያሳንሰዋል፣ ያልተጣራ ፊደልም ስሕተቱን ለዘላለም ያጸናዋል። ሁለት ፊደል ብቻ ከቀረው ስም ላይ በግምት የሌላ ሰው ስም ከመቅረጽ አጠገቡ ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ሰቅሎ ሙሉውን ዝርዝር መጻፍ ይሻላል። የተረሱትም ስሞች እዚያው ይገባሉ፤ የዘማች ልጅ ያነሳችው በዚህ ይመለሳል። ነሐሱን ግን ከኋላ በማይፈታ ብሎን እሰሩት፤ ሌባ ይወደዋል። በዓመት አንዴ ሰም ይቀባ።

የዘማች ልጅ

ድንጋይ ጠራቢ፣ እጅህ ይባረክ። እንደዚያ ከሆነ እኔም የእኛ አካባቢ ላይ አመለክታለሁ። የአባቴ የሕክምና ወረቀትና የሠራዊት መታወቂያው እናቴ ሣጥን ውስጥ አለ።

የታሪክ መምህር

እህቴ፣ ሁለቱንም ወረቀት አሁኑኑ ፎቶ አንሺያቸው፤ ዋናውን ለማንም አትስጪ። የቆሰለበትን ቀንና የሞተበትን ምክንያት የሚያገናኝ አንድ የሐኪም ማስረጃ ካለ ማመልከቻሽ ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ነው። አብረውት ከዘመቱት በሕይወት ያለ ካለ ምስክርነቱን በጽሑፍ ተቀበዪ። እነሱ ሲያልፉ አብሮ የሚያልፍ ማስረጃ ነው።

የበሩ ጎረቤት

ወገኖቼ፣ ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ዛሬ ከጎረቤቶቼ ጋር ተቀምጠን የደብዳቤውን ፍሬ ነገር ጻፍን።

በሩ ባለበት ይጠገን፣ ዓምዶቹ አይፈቱ ብለናል። ለመኪና አጥሩ ጎን ላይ ሰፊ መግቢያ ይከፈት፤ አሮጌው በር ግን ከጠዋት እስከ ማታ ለእግረኛ ክፍት ይሁን። ደረጃው ለተሽከርካሪ ወንበር ይስተካከል። ማጽዳትም ሆነ ማደስ ሙያው ባለው ሰው ብቻ ይሁን። የስም ዝርዝሩ ለአካባቢው ሕዝብ ይፋ ይደረግና የቀረ ስም ያለው ቤተሰብ ማስረጃ የሚያቀርብበት ጊዜ ይሰጠው። ተራው በፊደል፣ ማዕረጉ ከስሙ ጎን፤ ሻምበል ያሉት ገብቷል።

ብየዳ ቤት፣ ያልከኝን ቅጠል ጠርጌ አየሁ። ጉድጓዷ በጭቃ ሞልታለች፣ የበሩ እግር ጫፉ ሹል ሆኖ ተበልቷል። ልክ እንዳልከው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ከደብዳቤው ጋር የስሞቹን ፎቶ ማያያዝ ፈልገን ነበር። ቀን ላይ ስናነሳ የፈዘዙት ጭራሽ አይታዩም። አንዱ ጎረቤቴ ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ መፈተግ ይቻላል አለኝ። ይሻላል?

ድንጋይ ጠራቢ

መፈተጉ እንደ ቬትናሙ ባለ ጠንካራ ግራናይት ላይ ችግር የለውም። የእናንተ ግን የሚረግፍ ድንጋይ ነው፣ ተዉት። ፎቶው ማታ ይነሳ። ሲጨልም ካሜራውን ፊት ለፊት አቁሙ፣ አይነቃነቅ። ባትሪውን አንድ ሰው ከጎን ይያዘው፣ ብርሃኑ ድንጋዩን ታክኮ እንዲያልፍ ወደ ግድግዳው አስጠግቶ። ያኔ ጥልቀቷ የፀጉር ያህል የሆነች ጭረት ሁሉ ጥላ ትጥላለች። አንድ ፎቶ ብቻ አይበቃም። ከጎን ሲበራ የቆመው መስመር ይወጣል፣ ከላይ ሲበራ የተጋደመው ይወጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስም ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይና ከታች እያበራችሁ አራት አራት አንሱ። በኋላ አራቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። ሁለት ፊደል ብቻ ቀረው ያልከውን ስም መጀመሪያ ሞክሩትና ፎቶውን እዚህ ለጥፉልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።